ጣና ላይ የነፋስ ማመንጫ ቢታሰብ የደሴቱ ሰው መቼ ይጠየቅ?

ጥያቄዬ አንድ ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ ከደሴቶቹ ፊት ለፊት፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላቅድ የሚል አካል ቢመጣ ደሴቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ መቼ ነው የሚጠየቀው? ቦታው ተከልሎ፣ ተርባይኑ ተመርጦ፣ ፊርማ ብቻ ሲቀር? ወይስ ካርታው ላይ አንድም ነጥብ ሳይደረግ?

ስለተጀመረ ሥራ እያወራሁ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ግን የመብራት ነገር በተነሳ ቁጥር ጣናን የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። ነፋሱ አለ፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ከመሬቱ የሚነሳ ገበሬ የለም ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሐይቁ ላይ የይዞታ ደብተር ያለው ሰው የለም ማለት ሐይቁ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ጣና ውስጥ ያለው የደቅ ደሴት ሰው መንገዱም፣ ገበያውም፣ ወጡም ከዚያው ውኃ ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ከመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ። እምቢ የማለት መብት ይኑረው። እሺ ካለ ደግሞ ድርሻ ይያዝ። የተሞከረ ነገር ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሳምሶ የምትባል ደሴት አለች፤ 4,000 ገደማ ሰው ይኖርባታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በመንግሥት ውድድር አሸንፋ የታዳሽ ኃይል ደሴት እንድትሆን ተመረጠች። መጀመሪያ የብስ ላይ 11 ተርባይን ተከሉ። በ2003 ደግሞ 10 ተርባይን ባሕሩ ውስጥ አቆሙ፤ በድምሩ 23 ሜጋዋት። ከአሥሩ አምስቱን የገዛው የደሴቲቱ ማዘጋጃ ቤት ነው። ነዋሪውም አቅሙ በፈቀደ አክሲዮን ገባ።

የውይይቱን ክር የከፈትኩት በዚህ ነው። መልሱ ካሰብኩት በላይ በዛ። ከመጀመሪያው ላልተከታተለ ሰው በተራ ቁጥራቸው ልንገር፤ የሚደጋገሙትን እዘላለሁ።

1ኛ መልስ የመጣው ከአዘዞ ነው። ጸሐፊው መምህር ናቸው። በትሕትና አመስግነው ሐሳቡን ደገፉ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚፈራውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ያን የሚያህል የብረት ምሰሶ ውኃ ውስጥ በምን ይቆማል? ጥሩ አደረጉ፤ የኋላው ክርክር ግማሹ ከዚህ ነው የወጣው።

2ኛው ጎርጎራ ላይ ጀልባ የሚነዳ ልጅ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል አላነሳም። ስለ ነፋሱ ግን እንደ እሱ የጻፈ የለም። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል። የደንገል ታንኳ ማገዶ ተሸክሞ፣ ውኃው ጠርዙ ጋ ደርሶ፣ ሳይናወጥ ያልፋል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል፤ ጀልባዋን ከጎኗ ካገኛት አይምራትም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ረዥም መንገድ አይጀምርም። የጣና ነፋስ ሰዓት አለው፣ ተርባይኑም ሥራ የሚገባው በዚያው ሰዓት ነው ብሎ ጨረሰ። አቃጂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ልጅ ሳያናግር ወረቀት ባያነሳ ደስ ይለኛል።

3ኛው ሰው በድፍረት ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ሐይቅ ውስጥ ተርባይን የተከለ አገር በዓለም ላይ የለም፤ ይህ የባሕር ነገር ነው አለ። ሁለተኛ፣ ይሁን ከተባለ ግን ቦታው ጎርጎራና ደቅ መካከል ነው፤ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ኬብሉ አያስቸግርም አለ። ሁለቱም ብዙ አልቆዩም።

4ኛዋ እናት ናቸው፤ አጭር ጻፉ። ክርክሩ ቀርቶ መብራቱ ይምጣ። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ማሰሻው ከተወለወለ በኋላ መብራቱ እልም ይላል። ከየትም ይምጣ፣ ከሐይቅም ከሰማይም፣ ለእሳቸው አንድ ነው። ይህ መልስ ከሁሉም በላይ የተወደደው ነው። እኔም እረዳቸዋለሁ። ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ቤት የለም።

5ኛው 3ኛውን አረመ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤይስልሜር በሚባለው ሐይቅ ላይ ፍሪስላን የተባለ ማመንጫ አለ። 89 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 4.3 ሜጋዋት፣ በድምሩ ከ382 ሜጋዋት በላይ። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ሥራ የጀመረው። ሐይቁ ድሮ የባሕር ወሽመጥ ነበር፤ ደች በ1932 በግድብ ዘግተው ሐይቅ አደረጉት። ሰውየው ሌላም ነገር ጨመረ። እዚያ ለወፍና ለአሳ ማረፊያ የሚሆን ሰው ሠራሽ ደሴት የሥራው አካል ሆኖ ተሠርቷል። የተሠራው ተፈጥሮን ለመጠበቅ የቆሙ ሰዎች አጥብቀው ስለያዙ ነው ባይ ነው።

6ኛው የባሕር ዳር ሰው ነው። ካርታውን አስተካከለ። ደቅ ወደ ጎርጎራ ሳይሆን ወደ ደቡቡ ያዘነበለ ነው፤ ለዘጌና ለቁንዝላ ነው የሚቀርበው። ከጎርጎራ እስከ ደቅ በግምት 35 ኪሎ ሜትር ውኃ አለ። ከዘጌ በኩል ግማሽ ያህሉ ነው። እንግዲህ የጎንደር ሰው ጣና ሲባል ጎርጎራን ብቻ ማየቱን ይተው ብሎ ነካ አደረገን። እውነቱን ነው፤ ሐይቁ ቁመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

7ኛው ረዥሙ ነው። ኢንጂነር ነው፤ አዳማ በኩል በነፋስ ማመንጫ ሥራ ላይ ቆይቷል። የመምህሩን ጥያቄ ይዞ ተነሳ። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቁም 14 አካባቢ። ይህ ለተርባይን ጥልቅ የሚባል አይደለም። በባሕሩ አሠራር አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ በመዶሻ ወለሉ ውስጥ እየተመታ ይገባል፤ ማማው በእሱ ላይ ይቆማል። ችግሩ ወለሉ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ በየክረምቱ ደለል ይዘው ይገባሉ። ከጭቃው ሥር ጠንካራው መሬት የት እንደሚጀምር በቦታው ተቆፍሮ ነው የሚታወቀው።

ከዚያ ወደ ነፋሱ ሄደ። ይህን ክፍል ሁሉም ሰው ቢያነበው እወዳለሁ። ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 6 ሜትር እና በሰከንድ 8 ሜትር ሲባል ለጆሮ ያው ነው፤ በኃይል ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ይነፍሳል የሚል ወሬ አይበቃም። 80 ወይም 100 ሜትር ከፍታ ላይ መለኪያ ተሰቅሎ ቢያንስ ዓመት ሙሉ፣ በጋና ክረምት፣ ሌትና ቀን መመዝገብ አለበት። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሚገኘው ኃይል ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል።

መጓጓዣውም አለ። የእነዚያ የፍሪስላን ተርባይኖች አንዱ ክንፍ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ያን ከጅቡቲ ወደብ አምጥቶ በጠመዝማዛ መንገድ ሐይቁ ዳር ማድረስ አንድ ሥራ ነው። ውኃው ላይ ለመትከል እግሮቹን ወለሉ ላይ አሳርፎ ራሱን ከውኃው በላይ የሚያነሳ መርከብ ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ጋር አይገናኝም፤ እንዲህ ያለ መርከብ ተበትኖ መጥቶ ዳር ላይ ነው የሚገጣጠመው። መደምደሚያው ግልጽ ነበር፤ ሐሳቡ የማይቻል አይደለም፣ ግን ውድ ነው፣ የብሱ ላይ ያለው ነፋስ ሳያልቅ ወደ ውኃ መግባት አይመከርም።

8ኛው በቁጣ መጣ። ባለሙያ ሥራው አይቻልም ማለት ብቻ ነው ብሎ ነገሩን ወደ ሰውየው አዞረው። የሌላ አገር ሰው ሲሠራ ይቻላል፣ የእኛ ሲሆን ጭቃ ይሆናል አለ። 9ኛው ላይ ኢንጂነሩ ተመለሰ፤ ቃሉ አጠረ፣ ግን ጨዋ ነበር። አገራችን የብስ ላይ ስለሠራችው ቆጠረለት። አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት። አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. 84 ተርባይን፣ 120 ሜጋዋት። አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም. 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋዋት። ሁሉም ከፍታ ቦታ ላይ ናቸው፤ ሳሳ ባለው አየር ይሠራሉ። አይቻልም ያለ የለም፤ ተለክቶ ይሁን ነው የተባለው። እዚህ ላይ ከኢንጂነሩ ጋር ነኝ። መለካትን እንደ እምቢታ የሚያይ ሰው በኋላ የሚከስረውን ገንዘብ አያስብም።

ከ10 እስከ 13 ወሬው ወደ እምቦጭ ሄደ። አረሙ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በጣም የተጎዳውም የእኛው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። አንዱ የዘመቻውን ጊዜ አስታወሰ፤ ደምቢያ ላይ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ የዋሉትን። ሌላው ስለ ማሽኖቹ ተማረረ። ሦስተኛዋ እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ሐይቅ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር አይከብድም ወይ አለች። 13ኛው ነው ወደ ጉዳዩ የመለሰው፤ ነፋስ እምቦጩን እየነዳ እንደሚያከማች፣ የተተከሉ ምሰሶዎችም ሊያግዱት እንደሚችሉ አስታወሰ። ተጠንቶ መልስ የሚሰጠው ጥያቄ ነው።

14ኛዋ ክሩን ቀየረችው። ደቅ ተወልዳ ጎንደር ማራኪ የምትኖር ነርስ ናት። እስከዚህ ድረስ ስለ ደሴቱ ሰው ሲወራ አንድም የደሴት ሰው አለመጻፉን አነሳች። ከዚያ ስለ እናቷ ቤት ጻፈች። ጣሪያው ላይ የመጽሐፍ ስፋት ያለው የፀሐይ ፓነል አለ። ገመዱ በበሩ ጉበን በኩል ይገባል፤ አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር ይሸከማል። ደመና የበዛ ቀን ስልክ ወይ አምፖል ይመረጣል። ማታ ማታ እናቷ የሚመርጡት ስልኩን ነው፤ ምክንያቱም ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ካለች ጀልባ የሚጠራው በስልክ ነው። ጀልባው ተገኝቶም ነፋሱ እስኪበርድ የሚጠበቅበት ሌሊት አለ።

ስለዚህ የደቅ ሰው ከልብ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚለው ተርባይን ላይሆን ይችላል አለች። የሌሊት ጀልባ ሊል ይችላል። የክትባት ማቀዝቀዣ ሊል ይችላል። ወፍጮ ሊል ይችላል። እቅድ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ለመስማት ዝግጁ ካልሆነ መጠየቁ የይስሙላ ነው። የጎንደር ሰዎች እባካችሁ ስለ እኛ አትወስኑ ብላ ዘጋችው። ኮስተር ብላ ነው የጻፈችው፤ መብቷም ነው። እኔ ክሩን ስከፍት ይነሳል ብዬ የተመኘሁት ነገር ይህ ነበር።

15ኛው ሰው እህታለም ብሎ በአክብሮት ይቅርታ ጠየቃት። 16ኛው ዲያቆን ነው። ጣና 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት፣ ብዙዎቹ ገዳማት መሆናቸውን አስታወሰ። ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የነገሥታት አስከሬን አርፏል፤ ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲልም እዚያው ናቸው። ናርጋ ሥላሴን ደቅ ላይ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ቁስቋምን ያሠሩት እኒያው። ገዳሙ የተመረጠው ለጸጥታው ነው። ከ150 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ ሌሊት ቀይ መብራት እያበራ ፊት ለፊት ቢቆም መነኮሳቱ ምን ይላሉ? እምቢ ይበሉ አላለም። ይጠየቁ ነው ያለው።

17ኛው ተቆጣ። አገር በጨለማ እያለ ለእይታ ብሎ ነገር አይገባኝም አለ። 18ኛው ባሰበት፤ 17ኛውን ሃይማኖት የለህም እስከማለት ደረሰ። በ19ኛ እኔ ገባሁ። ሰው ሰውን እምነትህ ምን ያህል ነው እያለ የሚመረምርበት ቦታ አይደለም አልኩ። የእይታ ነገር ቀልድ አለመሆኑንም በምሳሌ አስረዳሁ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ዊንድ የሚባል እቅድ ነበር፤ 130 ተርባይን፣ ናንታኬት ከተባለች ደሴት በስተሰሜን ባለው ባሕር ላይ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተነሳ። ሀብታሞቹ የባሕር ዳር ቤት ባለቤቶች ተቃወሙ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም ያልተወራለት ግን ዋምፓኖአግ የተባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦችም መቃወማቸው ነው። ፀሐይ ስትወጣ የሚጸልዩት ወደዚያ ባሕር አድማስ ዞረው ነው፤ ከባሕሩ ወለል ሥርም የአባቶቻቸው መቃብር አለ ብለው ያምናሉ። እቅዱ በክስና በክርክር ሲጎተት ኖሮ በ2017 ተተወ። አንድም ተርባይን አልቆመም። ቀድሞ ሄዶ የጠየቀ ሰው እዚህ ቦታ አይሆንም የሚለውን መልስ በአንድ ዓመት ይሰማል፤ ሳይጠይቅ የጀመረ ያንኑ መልስ በ16 ዓመት ይሰማል።

17ኛው ተመልሶ መጥቶ ነገሩን አለዘበ። ደስ ብሎኛል።

20ኛው አሳ አስጋሪ ነው፤ በልጁ ስልክ ነው ያስጻፈው። መረቡን ማታ ዘርግቶ ንጋት ላይ ያነሳል። ቀረሶ የሚባለው አሳ ዳር ዳሩን ነው። አምባዛውም ረግረጉን ይወዳል። ነጩ አሳ ግን ክረምት ሲገባ ወደ ወንዞቹ ወጥቶ ነው የሚራባው፤ የርብና የጉማራ አፍ ላይ ይሰበሰባል። የብረት ቱቦ የሚመታው በዚያ ወቅት ከሆነ አሳው ይደነግጣል፣ ዘሩም ይቀንሳል ብሎ ይፈራል። ሁለተኛው ስጋቱ መከልከል ነው። ተርባይኑ ዙሪያ አትድረስ ቢባል፣ መረቡን የት ይዘርጋ? ማን ይከፍለዋል? ገበሬ ካርኒ አለው፣ ደብተር አለው። እሱ ያለው መረቡ ብቻ ነው።

21ኛዋ ሕግ የተማረች ናት፤ ይህንኑ አጠናከረች። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚናገር ክፍል አለው። ስለዚህ መጠየቅ ችሮታ አይደለም። ካሳ ላይ ግን ቀዳዳ አለ ባይ ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 የሚያተኩረው ለሕዝብ ጥቅም ከመሬት ይዞታው በሚነሳ ሰው ላይ ነው። የአስጋሪው ጥያቄ ተርባይን ሳይተከል በፊት በጽሑፍ መልስ ካላገኘ በኋላ የሚሰማው የለም። የአስጋሪዎች ማኅበር ስም ዝርዝሩን፣ የመረብ ቁጥሩንና የየወቅቱን የአሳ መጠን አሁኑኑ መያዝ ይጀምር ብላ መከረች። ይህ ምክር ለነፋስ ብቻ ሳይሆን ሐይቁ ላይ ለሚመጣ ማንኛውም ነገር ይሆናል።

22ኛው ከኬንያ ምሳሌ አመጣ። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ የብስ ላይ 365 ተርባይን፣ 310 ሜጋዋት ተተክሏል። ሁለት ትምህርት አለው አለ። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 አልቀው ሳለ የማስተላለፊያ መስመሩ ስላልደረሰ ከዓመት በላይ ቆመው ጠበቁ። በ2021 ደግሞ የሜሩ ፍርድ ቤት መሬቱ የተሰጠበት መንገድ ሕጉን አልተከተለም ብሎ ፈረደ። አርብቶ አደሮቹ ነበሩ የከሰሱት።

23ኛው ብሎክ አይላንድን ጠቀሰ፤ እኔም ላነሳው እያሰብኩ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ላይ ማመንጫ ነው። 5 ተርባይን፣ 30 ሜጋዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ደሴቱ ላይ ክረምት ከበጋ የሚኖረው ሰው 1,000 ገደማ ነው፤ እስከዚያ መብራታቸው በናፍጣ ጀነሬተር ነበር። ለደሴቱ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ኬብሉ ነው። ከተርባይኖቹ ወደ ደሴቱ፣ ከደሴቱ ወደ ዋናው መሬት ተዘረጋ። ነፋስ በሌለ ጊዜ ኃይል ከመሬት ይመጣል፤ ሲነፍስ የተረፈው ይሄዳል። ጀነሬተሮቹ በ2017 ዝም አሉ። ከኬብሉ ጋር ፈጣን የኢንተርኔት መስመርም ገባ።

ይሁንና ሰውየው ጨለማ ጎኑንም አልደበቀም። ኬብሉ ወደ ባሕር ዳርቻው በሚወጣበት ቦታ በቂ ጥልቀት አልተቀበረም። ማዕበሉ አሸዋውን እየጠረገ ገለጠው። እንደገና ለመቅበር ሌላ ዓመታት፣ ሌላ ገንዘብ ወጣ። ውኃው ከፍና ዝቅ በሚል ዳርቻ ላይ ኬብል የሚያወጣ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያንብበው።

እኔ በዚህ መልስ ላይ አንድ ነገር አከልኩ። ደሴቱን ሳይነካ ኃይሉን በቀጥታ ወደ ትልቁ መስመር የሚወስድ እቅድ ከመጣ፣ የደቅ ሰው ተርባይኑን እያየ በአንድ አምፖል ያድራል። ትልቁ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር በቤት ጣሪያ ላይ ማለፉ ለቤቱ መብራት አያስገባም፤ ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ መስመር ያስፈልጋል፣ ለእሱም በጀት ከመጀመሪያው ይያዛል። ማንኛውም እቅድ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደሴቱ የሚገባበትን መስመር ካላሳየ ገና እቅድ አልሆነም።

24ኛው ከሁሉ የሚበልጥ ሐሳብ አመጣ ብዬ አምናለሁ። የጣና በለስ ማመንጫ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐይቁ ውኃ በዋሻ እየወሰደ ነው፤ አቅሙ 460 ሜጋዋት ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር፤ ያን ጊዜ ድርቁም፣ ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች የተለቀቀው ውኃም ተደምረው ነው። በአገራችን ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ወንዙ የሚሞላው በክረምት። በበጋ ነፋሱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሐይቁ ውስጥ የሚቆይ ውኃ ሊሆን ይችላል። ለአስጋሪው፣ ለጀልባ ነጂው፣ ለደቅ ሰው ይህ ቀጥተኛ ጥቅም ነው። ማመንጫው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ነፋሱ የተገኘበት ደጋ ላይ ቢቆምም ለሐይቁ ያው ነው።

25ኛው ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። ውኃው የሚቆየው የጣና በለስን የሚቆጣጠረው ክፍል ማመንጫው ይቁም ሲል ብቻ ነው፤ የፍላጎት መጠን ከጨመረ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ፣ ሐይቁም አያተርፍም። ትክክል ነው። ስለዚህ የሐይቁ ዝቅተኛ ከፍታ በስምምነቱ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ።

26 እና 27 ስለ አሳ ዋጋ ነበሩ፤ ጾም ሲገባ ጎንደር ውስጥ የአሳ ዋጋ ስለሚሰቀልበት ምክንያት። አልፋቸዋለሁ።

28ኛው ወፍ ተመልካች ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተመዝግቧል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የፎገራና የደምቢያ ረግረግ ላይ ይሰፍራሉ፤ ጠዋትና ማታ ከማደሪያ ወደ መመገቢያ በአንድ መስመር ይበራሉ። መስመሩ ላይ ተርባይን ማቆም ጥፋት ነው። ኦሃዮ ውስጥ ኤሪ ሐይቅ ላይ 6 ተርባይን ብቻ ሊተከል ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2020 የወፍ ጉዳይ ተነስቶ በዓመት ለስምንት ወራት ሌሊት ሌሊት ይቁም የሚል ግዴታ ተጣለበት። ግዴታው ቢነሳም ገንዘቡና ጊዜው ስላለቀ በ2023 ሥራው ተቋረጠ። 29ኛው ከዚህ በኋላ ምን ቀረ፣ ተዉት ብሎ ሰለቸው።

30ኛው ግን ስለ ባለቤትነት አመጣ። ኮፐንሃገን ፊት ለፊት ሚድልግሩንደን የሚባል ማመንጫ አለ፤ 20 ተርባይን፣ 40 ሜጋዋት። ግማሹ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እድርና እቁብ የሚያስተዳድር ሕዝብ ይህ አያቅተውም አለ። የደቅ ሰው ገንዘብ ከሌለው ድርሻውን በምን ይግዛ የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ሰውየው መልስ ነበረው። ውኃውን ስለፈቀደ የተወሰነ ድርሻ ያለ ክፍያ ይሰጠው፤ ቀሪውን ከትርፉ እየከፈለ ይያዝ።

31ኛ ላይ ነርሷ ተመለሰች። ለዛ ባለው አኳኋን ነው የጻፈችው፤ ቁጣዋ በርዷል። ጥያቄው ይደረግ ከተባለ በገበያ ቀን አይሁን፣ ሰው ይሻገራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ሴቶች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ወንዶች ባሉበት የማይናገሩት አለ። የተነገረው ተጽፎ ተመልሶ ይነበብላቸው። አንድ ጊዜ ተሰብስበው ፊርማ ሰጥተው የወረቀቱን መጨረሻ ያላዩበት ጊዜ ስላለ ነው።

32ኛው ኢንጂነሩ ነው። የነፋስ መለኪያውን ምሰሶ ውኃ ውስጥ ከመትከል በፊት ደቅ ላይ መትከል ይቻላል አለ፤ ርካሽ ነው፣ ጠባቂው ከደሴቱ ወጣት ይቀጠራል፣ ቁጥሩም መጀመሪያ የደሴቱ ንብረት ይሆናል። አቃጂ ሲመጣ ቁጥሩን ከእነሱ ይጠይቃል። ነርሷ ይህን ወደደችው፤ እሱንም ጠይቋቸው አለች።

እኔም የማክለው አንድ ነው። ከዘጌና ከቁንዝላ በኩል እስካሁን አንድም ሰው አልጻፈም። ኬብል ቢዘረጋ የሚወጣው በእናንተ ዳርቻ ነው፤ የጫት፣ የቡናና የአሳ ጀልባችሁም በዚያው ያልፋል። ከማንዳባና ከሌሎቹ ገዳማት በኩልም ለአባቶች የሚያነብላቸው ሰው ካለ ሐሳባቸውን ያምጣልን። 33ኛው መልስ የእናንተ ይሁን።